«ጩኸቱን ብቻ አጥፋልኝ»
የሰው ልጅ መሮጥ ሲያምረው መቆምን ለነገ እንደሚያሳድር የሚመሰክር ፍሬን ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 በርታ ቤንዝ መኪናውን የሠራውን ባሏን ሳታማክር ሁለት ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም ስትነዳ፣ ቁልቁለቱ የመኪናዋን የእንጨት ፍሬን በላባት። ለባልየው ያልታየው ለእሷ ታያት፤ ጫማ ሰፊ ቤት ጎራ ብላ ቆዳ አስመታችበት። የፍሬን ሸራ ዘሩ ቢቆጠር እንግዲህ ከመሐንዲስ ሳይሆን ከጫማ ሰፊ ይወለዳል።

መሐንዲሶቹ ግን ቆዳ አላማራቸውም። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር በ1902 የዲስክ ፍሬን የፈጠራ መብት አወጣ። ሐሳቡ ዛሬም ጎማችን ሥር አለ፤ ከጎማው ጋር የሚዞር ሳህን፣ ግራና ቀኝ የሚነክሱት ጥርሶች። ችግሩ የላንቸስተር ጥርሶች መዳብ ነበሩ። ብረታ ብረት ሲፋተግ ረግቶ አይይዝም፤ ያዝ ያደርጋል፣ ያመልጠዋል፣ መልሶ ይይዛል። ይህ በአንዲት ሰከንድ ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ ሲደጋገም ሳህኑ ይንዘፈዘፋል፤ ጩኸቱም ያ ነው። መሲንቆም የሚያዜመው በዚሁ ሕግ ነው፤ አዝማሪው ግን ቢያንስ ይሸለማል።

መዳቡ በዚያ ዘመን አቧራማ መንገድ ቶሎ ያልቅም ነበር። ፍሬን አለመጮኹ ይሻላል ወይስ አለማለቁ? እኔን ብትጠይቁኝ መልሱ ቀላል ነው። የላንቸስተር ፍሬን ሲነሳ ግን እስከ ዛሬ አስቀድሞ የሚወራው ጩኸቱ ነው።

ኸርበርት ፍሩድ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ፣ የጋሪ ነጂዎች ፍሬናቸው ላይ አሮጌ ጫማ ሲቸነክሩ አይቶ ነው ይባላል ወደዚህ ሥራ የገባው። ዞረን ዞረን ጫማ ሰፊው ጋ መጣን! ፌሮዶ የተባለው ድርጅት የእሱ ነው። በ1907 ገደማ ሸራውን ከአስቤስቶስ ሠራው። ሙቀት አይበግረውም፣ ቶሎ አያልቅም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝም ይላል። ዓለም እልል አለ። መካኒኩም ፍሬኑን በፈታ ቁጥር ብናኙን በአየር እፍ እያለ ያጸዳ ጀመር። ያ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ በሽታው እስኪወጣ አሥርት ዓመታት ይፈጃል፤ እሱም ድምፅ የለውም። የሚጮኸውን ለማስወገድ አምስት ዓመት በቃ፤ ዝምተኛውን ብሪታንያ ሙሉ በሙሉ ያገደችው በ1999 ነው።

ዛሬ ብዙ ሸራ ላይ ቀጭን የብረት ምላስ አለች። ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን እየነካች እንድትጮኽ፣ ሆን ተብሎ፣ በመሐንዲስ እጅ የተሠራች ናት። ባለመኪናው ይሰማትና ጋራዥ ይሄዳል።

«ወንድሜ፣ ፍሬኑ ደህና ይይዛል፤ ጩኸቱን ብቻ አጥፋልኝ።»

«አይዞህ ጌታዬ፣ ዝም እናሰኛታለን» ይላል መካኒኩ፤ ምላሷን በፒንሳ ቆልመም ያደርጋታል። ሒሳብ ይከፈላል፤ ተመራርቀው ይለያያሉ።