በስሜ የታረደው ዶሮ

በስሜ የታረደውን ዶሮ ፈረሰኛውን ማን እንደበላው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ጉዳዩ ትንሽ መሆኑ ይገባኛል። ከወባ የተረፈ ሰው ስለ ዶሮ ብልት ሲያብሰለስል መገኘቱም አያምርም። ባለቤቴ «ነፍስህ መትረፏን አመስግን» ብላ ፋይሉን ዘግታዋለች። አመስግኛለሁ። ግን አንድ ሰው በልቶታል፤ ያ ሰው ደግሞ «እግዜር ይማርህ» ብሎኝ ነው የወጣው።

ነገሩ የጀመረው ከተዝካር ነው። በጥቅምት መጨረሻ ወደ ዐባይ በረሃ ወርጄ ዘመዶቼ ዘንድ አደርሁ። ደጀንን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከተማችን ከደጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ከእግሯ ሥር መንገዱ እየተጥመለመለ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሣ ሰው ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። ወባም አገሩን ለይታ ታውቀዋለች፤ እታች ነክሳ እላይ ነው የምትጥለው። ከሳምንት ከዐሥር ቀን በኋላ፣ ተዝካሩ ከተረሳ ወዲያ፣ ብርድ ብርድ ይልሃል። አንተ የደጀን ነፋስ ነው ብለህ መስኮት ትዘጋለህ።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ደሜ ታየና ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት ተሰጠኝ። በቀን ሁለት ጊዜ አራት አራት ፍሬ፣ ለ3 ቀን። መድኃኒቱን የሰጠችኝ ልጅ «እህል ቅመስበት፤ ቅባት ያለው ቢሆን ደግ ነው፤ ወተትም ይሆናል» አለችኝ። ጥሩ ምክር ነበር፤ ችግሩ ቀኑ ረቡዕ ነው።

«በረቡዕ ወተት?» አሉ አማቴ። «ነፍሱ ልትወጣ ነው እንዴ?»

«እንዳትወጣ ነዋ!» አለች አክስቴ።

ወተቱ ምድጃ ላይ እንደተጣደ ክርክሩ ቀጠለ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾሙን እንደምታላላ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን ኀላፊነቱን መውሰድ አልፈለገም። በመጨረሻ የንስሐ አባቴ ዘንድ ስልክ ተደወለ። እሳቸው ሳያንገራግሩ «ይጠጣ እንጂ፣ ታሞ የለም እንዴ?» አሉ። ፈቃዱ ሲመጣ ግን ወተቱ ገንፍሎ እሳቱን አጥፍቶት ነበር።

በኋላ እንደተረዳሁት ያ ሁሉ ሙግት የተካሄደው በከንቱ ነው። እውነት ነው፣ በኮአርተም ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ፣ ሉሜፋንትሪን የሚባለው፣ ቅባት ካላገኘ ወደ ደም መግባት ያቅተዋል፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በባዶ ሆድ ከሚገባው እስከ 16 እጥፍ ይገባል። ተመራማሪዎች ታዲያ ስንት ቅባት ይበቃዋል ብለው ለክተዋል። በምን ለኩት? በአኩሪ አተር ወተት! 36 ሚሊ ሊትር በቅቶታል፤ ውስጡ ያለው ቅባት 1.2 ግራም ነው። ግማሽ ሲኒ የጾም መጠጥ ማለት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ኑግ በሚዘራበት ጎጃም ተቀምጠን፣ ዘይቱ ከመደርደሪያው ላይ እያየን፣ እኛ ስለ ላም እንጨቃጨቅ ነበር።

ወባዋ በ3 ቀን ለቀቀችኝ። ጠያቂ ግን አልለቀቀኝም።

በእኛ አገር ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም። ብርቱካኑን፣ ሙዙን፣ የታሸገውን ጁስ፣ አምቦ ውሃውን ይዞ ይገባል። ከዕቃው ጋር ደግሞ ትእዛዝ ያመጣል። አንዷ ተልባ በጥብጠው ይስጡት ስትል፣ ሌላዋ ተልባ ብርድ ነው፣ ጭራሽ ሊገድሉት ነው ትላለች። ነጭ ሽንኩርት በማር የሚያዝ አለ፤ ማር ትኩሳት ይቀሰቅሳል የሚልም አለ፤ ሁለቱ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዲት እናት ዳማከሴ አሽተው አመጡልኝ። «ወባ እንጂ ምች አይደለም እኮ» ብላቸው «ምች ሳይኖርበት ወባ ማንን ይይዛል?» አሉኝ። መልስ የለኝም። አጎቴ በበኩሉ አረቄ ብቻ ነው መድኃኒቱ አለ፤ እሱ የሚያውቀው በሽታ ሁሉ መድኃኒቱ አረቄ ነው።

ሁሉም የተስማሙበት አንድ ነገር አጥሚት ነው። አጃው ተፈጭቶ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ፣ ከፈላው ላይ እየተማሰለ ይጨመራል፤ ማርና ቅቤ ጠብ ይደረግበታል። የመጀመሪያው ኩባያ ደስ ይላል። ክፋቱ ጠያቂ በገባ ቁጥር «ጠጣ እንጂ፣ ምነው አልጠጣህም?» መባሉ ነው። እሱን እየመለስህ ሳለ አጥሚቱ ይቀዘቅዝና ላዩ ላይ ቆዳ ያበጃል፤ ያንን በማንኪያ ወደ ዳር ስትገፋው ደግሞ «ዋናው ኀይሉ እኮ እሱ ነው» የሚልህ አይጠፋም።

እንግዲህ ወደ ዶሮው ልምጣ።

ዶሮው ሲገዛ የተባለው «አቅም እንዲሆነው ነው» ነው። ማለትም እኔን። በዛሬ ዋጋ ለአንድ ሰው አቅም ዶሮ መግዛት ቀላል ነገር ስላልሆነ በተኛሁበት ሆዴ ባባ። ሲጮህ ሰማሁት። በሎሚና በጨው ሲታጠብ፣ ውሃው ሲደፋ፣ እንደገና ሲታጠብ ሰማሁ። ከዚያ ሾርባ መጣልኝ። ቆንጆ ነበር፤ ጠጣሁት። ሥጋው የት አለ ብዬ ስጠይቅ «ሆድህ አይችለውም፤ ሾርባው ይበቃሃል» ተባለ። እሺ። ወዲያው ከመጋረጃው ማዶ ሽንኩርት መቁላላት ጀመረ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሕጉን ማየት ያስፈልጋል። ዶሮ 12 ብልት ነው። ብልት አወጣጥ የማታውቅ ሴት ምን ትባል እንደነበር እናቶቻችን ያውቃሉ። እያንዳንዱ ብልት ደግሞ ባለቤት አለው፤ አንገትና ክንፍ ለልጆች፣ ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለተከበረ እንግዳ። ይህ የተጻፈ አይደለም፤ ከተጻፈው ይልቅ ግን ይከበራል። ታዲያ አባወራው ከመጋረጃ ጀርባ ተኝቶ፣ ፈረሰኛው የታጠበበትን ውሃ እየጠጣ፣ ሥልጣኑ ለማን ይተላለፋል? በውክልና ነው? ውክልና ከሆነ ማን ፈረመ? እንግዳ ነው የበላው ካላችሁ፣ እንግዳው የመጣው ማንን ብሎ ነው? እኔን! እኔ ባልታመም ዶሮውም አይታረድም፣ እንግዳውም አይመጣም። እኔ ለዚያ ድስት ምክንያቱ ነኝ፤ ከድስቱ ግን የደረሰኝ ሽታው ነው።

በአጎቴ ጠረጠርሁ። እሱ ግን የዚያን ቀን ጥርሱን አሞት ነበር። የዕድራችን ዳኛ መጥተዋል፤ የተከበሩ ናቸው፤ ግን ሲበሉ ድምፅ ያሰማሉ፤ አልሰማሁም። አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ አለ፤ ዝም ብሎ ይመጣል፣ ዝም ብሎ ይበላል፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። ልጄን ጠርቼ «ፈረሰኛውን ማን በላው?» ብዬ በለሆሳስ ጠየቅኋት። «እንቁላሉን ነው ወይስ ሥጋውን?» አለችኝ። ለካ እንቁላልም ነበረው።

እኔ በዶሮ ልቀልድ እችላለሁ። ጤና ጣቢያው ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀምጦ የነበረው ልጅ ግን ከመተማ የሰሊጥ አጨዳ የተመለሰ ነበር። ፊቱ ገርጥቷል፤ ያገኘውን ገንዘብ መንገድ ላይ በሕክምና ጨርሶታል። ከአንድ የግል ክሊኒክ ይዞት የመጣውን ወረቀት አሳየኝ፤ ታይፎይድም አለብህ ተብሏል። በቃልም «በርበሬ አትብላ፣ ሽሮ አትብላ፣ እንጀራም አታብዛ፤ ዶሮ፣ ወተት፣ ማር፣ ፍራፍሬ ውሰድ» ብለውታል። «ሽሮም?» ብሎ ጠይቆ ነበር። «ሽሮም» ተባለ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ይህ ያናድደኛል። ሽሮ ባቄላ ነው፣ አተር ነው፣ ሽንብራ ነው። ለዚያ ልጅ ቤት ሥጋውም ወተቱም እሱ ነው። እሱን ከከለከልኸው ጾምህን ሙት ማለትህ ነው። ትኩሳት ያለበትን ሰው ማስራብ አውሮፓም ለዘመናት ስትሠራበት የኖረችው ስሕተት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የደብሊን ሐኪም የነበረው ሮበርት ግሬቭስ፣ ከሥራው ሁሉ በመቃብሩ ላይ እንዲጻፍለት የሚመኘው ትኩሳት የያዘውን ሰው መመገቡ እንደሆነ ይነገራል። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ የኒውዮርኩ ሐኪም ዋረን ኮልማን የታይፎይድ በሽተኞችን ጠግበው እንዲበሉ አድርጎ ጥቅሙን አሳየ። ይህ ሁሉ ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ እኛ ዛሬ ለድሃ የምንሰጠው የክልከላ ዝርዝር ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠው ውሃ የሚከለክል ቤትም አሁንም አለ፤ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነፍስ ያተርፋል እየተባለ። መከልከል ምንም ወጪ የለውም፤ ለዚህ ነው ሁሉም የሚከለክለው። «አትብላ» ያለ ሰው «ይኸውና ይህን ብላ» ብሎ ሰሐን ማቅረብ ቢገደድ ኖሮ ዝርዝሩ እንዴት ባጠረ!

ይሁን። የመከረውም ሰው ወረፋው ረዝሞበት፣ እሱም ምሳ ሳይበላ ይሆናል። ልጁን ቤት እንሂድ ብዬው ነበር፤ የብቸና መኪና እንዳያመልጠው ብሎ ሄደ።

ኅዳር 12 ቀን ገና ከቤት አልወጣሁም ነበር። ሰፈሩ ቆሻሻውን ጠርጎ ሲያጥን ጢሱ በመስኮት ገባ፤ አማቴ ዘጉት፣ አክስቴ ከፈተችው። ይህ ልማድ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር ስሙ ይነሣል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ በሙሉ ተኝቶ ውሃ የሚያቀብል ሰው የጠፋበት ቤት ብዙ እንደነበር ሽማግሌዎች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። እዚያ ቤት ቆዳ ያበጀ አጥሚት የሚያቀርብ ቢገኝ ማን ይጠላ ነበር? ይህን ሳስብ በጠያቂዎቼ ላይ የያዝሁት ቂም ላላ ብሏል። ጨርሶ ግን አልተፋቀም።

አሁን የቀረው ጥያቄ የጠላው ነው። መድኃኒት የሰጠችኝ ልጅ መጠጥ እንዳትጠጣ ብላኛለች። አጎቴ ጠላ መጠጥ አይደለም፣ ገብስ ነው፣ እህል ነው ይላል፤ «አጥሚቱም ከእህል፣ ጠላውም ከእህል፤ ልዩነቱ ጌሾ ብቻ ነው» ብሎ ይሟገታል። ባለቤቴ ደግሞ እሱን ከቤት ማስወጣት ነው መድኃኒቱ ባይ ናት። የንስሐ አባቴን በዚህ ደግሜ ላስቸግራቸው አልፈለግሁም።

እስከዚያው ልትጠይቁኝ ያሰባችሁ ካላችሁ ጁስ በቅቶኛል፤ አልጋው ሥር ተደርድሯል። ሽሮ ብታመጡ እቀበላለሁ። ወደ በረሃው የምትወርዱ ደግሞ አጎበር ሳትይዙ እዚያ አትደሩ።