«ሰነፍ ነው» ለምትሉ

ሐርጌሳ፣ ዳሚ ሰፈር፣ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ። በሬዲዮ የሰማውን ዜና ከነአንባቢው ድምፅ ይደግመዋል። ሱቅ ሲላክ ባለሱቁ ሒሳቡን ሳይጨርስ መልሱን ቀድሞ ይናገራል። ደብተር ፊት ሲቀመጥ ግን ትናንት ያነበባት ቃል ዛሬ አዲስ ትሆንበታለች። እንዲህ ያለ ልጅ በየሰፈሩ አለ፤ የሚወራበትም ወሬ የትም አንድ ነው። ዛሬ ወሬኞቹን በየተራ ላናግር።

«ቢፈልግማ ያነብ ነበር፤ ስንፍና ነው» ላሉት እትዬ፦ ሰነፍ ልጅ ይተኛል እንጂ ሌላው በአንድ ትንፋሽ በሚጨርሰው መስመር ላይ አምስቴ አይመላለስም። ላቡ ግንባሩ ላይ እየታየ ስንፍናው የቱ ጋ ነው?

«ፊደል ምኑ ያስቸግራል?» ለሚሉት ጋሼ፦ እስቲ ለአንድ ቀን ቦርሳውን ይሸከሙለት። ሐበሻዋ እናቱ ማታ ማታ 231ዱን ፊደል ታስቆጥረዋለች። «ተ» ላይ አንዲት ሰረዝ ስትጨመር «ቸ» ናት፤ «ለ» እና «ሰ»ን የሚለየው አንዲት ጭረት ናት። ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ ሶማሊኛው ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በላቲን ነው የሚጻፈው፤ እዚያ «ሲ» የምትባለው ፊደል ከጉሮሮ የምትወጣ ዐይኑ «ዐ» ናት፣ «ኤክስ» ደግሞ ሐመሩ «ሐ»። ደወል ተደውሎ የእንግሊዝኛ መምህሩ ሲገባ ያቺው «ሲ» አንዴ «ክ»፣ አንዴ «ስ» ትሆናለች። ቀጥሎ ዓረብኛ አለ፤ እሱ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚሄደው። ማንበብ የማይቸግረው ልጅ እንኳ ይህንን ሁሉ በአንድ ቀን ሲያነብ ይደክመዋል፤ ይሄኛው ግን ፊደልን ከድምፁ ጋር ማጣመሩ ራሱ የሚያስቸግረው ነው። እኛ ዐዋቂዎቹ «ሐ» እና «ሀ»ን በአፋችን መለየት ከተውን ስንት ዘመናችን!

«አእምሮው ጎሎ ነው» ያለው ጎረምሳ ይሄን ይስማ። በ1896 እ.ኤ.አ. ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ማንበብ ስላቃተው አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጽፏል። ልጁ የገዛ ስሙን «ፐርሲ»ን ሲጽፍ ፊደሉን አዛብቶ «ፕረሲ» አለው፤ ስህተቱም ደጋግመው እስኪነግሩት አልታየውም። 749ን በ867 አባዛ ሲሉት ግን ፈጥኖ፣ ሳይሳሳት አባዛው። መምህሩም ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ይህ ልጅ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ይወጣ ነበር ሲሉ መሰከሩ። ማንበብ መቸገር የአእምሮ ጉድለት አለመሆኑ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው፤ አንተ ዛሬም «ጎሎ» ትላለህ።

«የቀጥቃጭ ሰፈር ልጅ፣ ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል?» ላልከው ለአንተ ትንሽ መቆየት አለብኝ። በዳሚ የሚኖረው አብዛኛው ሰው ገቦዬ ነው፤ ብረት ቀጥቅጦ፣ ጫማ ሰፍቶ፣ ፀጉር አስተካክሎ የሚያድር፣ በዘሩ ሲናቅ የኖረ ወገን። ልጆቻቸው በስድቡ ተማርረው ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። እኛም አገራችን ላይ ሸማኔውን፣ አንጥረኛውን፣ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» ስንል ኖረናል፤ በምጣዷ እንጀራ እየጋገርን፣ በሠራው ማረሻ እያረስን። አሁን ከገቦዬ ልጆች አንዱን ማንበብ ቢያስቸግረው ችግሩን የሚመረምርለት የለም፤ «ዘሩ ነው» ብሎ መዝጋት ይቀላልና። የባለሀብቱ ልጅ እንዲሁ ሲቸገር ግን አስጠኚ ይቀጠርለታል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ይሄኔ ነው፤ መዳብ ያሰኘው የአንተ ዓይን ነው።

«ዱላ ያስተካክለዋል» ላሉት መምህር፦ ካስተካከለው እስከ ዛሬ ምን አቆየው? የማስተማሪያው ዘዴ አልሠራ ሲል ልጁን መግረፍ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው። ዘሚ የኑስ የተባሉ እናት ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች ሲመልሱባቸው በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ ለፊደላችንም በድምፅ ላይ የተመሠረተ አቡጊዳ ፎኔቲክስ የሚባል ዘዴ አዘጋጁ። የልጃቸው ችግር ከዚህኛው ልጅ ይለያል። ግን ልጁን ከመቀየር የሚማርበትን መንገድ ቀየሩ፤ ያውም አንዲት እናት ነበሩ፣ ሚኒስቴር አልነበሩም።

«ለእሱ ብቻ ጥያቄ ከተነበበለት ለሌላው ፍትሕ የታለ?» የሚሉም አሉ። ዶክተር ሊባል የደረሰ ሰው መጨረሻ ላይ ፈታኞች ፊት ቆሞ የሚመልሰው በቃሉ አይደለም እንዴ? በጎጃም፣ በዋሸራ የቅኔ ተማሪው ቅኔውን የሚነግረው በቃሉ ነው፤ ብርሃን ያላዩ ዓይነ ስውራን መምህራን በዚያው መንገድ ሊቅ ወጥተው ሊቅ አውጥተዋል። ሐርጌሳ ራሷ ግጥም ተጽፎ ሳይሆን ተነግሮ የሚከበርባት ከተማ ናት። በቃል መፈተን ለሊቅ ክብር ሆኖ ለሰባት ዓመት ልጅ ማጭበርበር የሚሆነው በየት አገር ሕግ ነው?

«ክፍሌ ሞልቷል፣ ጊዜ የለኝም» ላልሽው ለአንቺ፣ እህቴ፣ በአንቺ አልፈርድም፤ ደሞዝሽንም፣ የልጆቹንም ብዛት አውቃለሁ። ለዚያ ልጅ ጥያቄውን የሚያነብለት አንድ የክፍል ጓደኛ አጠገቡ አስቀምጪ፤ መልሱን በቃሉ ተቀበዪው፤ ሰሌዳው ፊት አቁመሽ «አንብብ» አትበዪው፤ ጮክ ብሎ የማንበቡን ተራ ለብቻችሁ አድርጉት። ለክፍሉ ሁሉ የምትሰጪውን ፈተና ነው የምትሰጪው። የሚቀጥለው ፈተና መቼ ነው? ከዚያው ጀምሪ።