የአቶ ኳኳታ አጭር የሕይወት ታሪክ

አቶ ኳኳታ ከአባታቸው ከአቶ ጉድጓድ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለጊዜው ይሂድ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ሆድ ሥር ተወለዱ። ዘራቸው ከትልቅ ቤት ይመዘዛል። ላዳ የፊያት 124 ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1970 ቶሊያቲ ላይ መመረት ስትጀምር ሩሲያውያን ለመንገዳቸው ብለው ከመሬት ከፍ አድርገዋታል፤ አካሏንም በወፍራም ላሜራ አጠንክረውላታል። የእኛን ሰፈር ኮብልስቶን ግን ያማከረ አልነበረም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በቀኝ የፊት ጎማ፣ በታችኛው ቦል ጆይንት ፊደል ቆጠሩ። ሁለተኛ ደረጃን የኋላ አክስሉን በያዙት 5 ብረቶች፣ በ10ሩ ጎሚኒዎች ዘንድ ተከታተሉ። በመጨረሻም ከፕሮፔለር ሻፍቱ ክሮቼራ በማዕረግ ተመረቁ።

ሟች ሐቀኛ ነበሩ። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ «ጧ» ካሉ ቦል ጆይንቱ አልቋል ማለታቸው ነው። ፍሪሲዮን ሲለቀቅ «ቋ» ካሉ ክሮቼራው ተበልቷል። መኪናዋ ስትፈጥን ከመቀመጫ ሥር ከነዘሩ የመሃል ኩሽኔታውን መጠርጠር ነው። የሚሰማቸው ግን አልነበረም። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል፤ ተሳፋሪ «ምንድን ነው የሚንኳኳው?» ሲል «ኋላ የጫንኩት ዕቃ ነው» ይባላል። የሚያከብራቸው የግቢው ዘበኛ ብቻ ነበር፤ ከመታጠፊያው ድምፃቸውን ሲሰማ ተነስቶ በር ይከፍታል።

በደረሰባቸው ሕመም በተለያዩ ጋራዦች ሲረዱ ቆይተዋል። ግራሶ ተቀብተዋል፤ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ጎሚኒ ተደርጎላቸዋል፤ አንድ ሾክ አብዞርበር ብቻ ተቀይሮላቸዋል። በየሕክምናው ማግስት ሞቱ ሲባል እሳቸው ለካ ቤት ነው የቀየሩት። አንዱ መገጣጠሚያ ሲጠብቅ የላላው ጎረቤቱ መጮህ ይጀምራል።

ቀናቸውን የቆረጠው አንድ አዛውንት መካኒክ ነው። «ልጄ፣ ከነቤተሰቡ ካላወጣነው አይለቅህም» አለ። 4 ቦል ጆይንት፣ 10 ጎሚኒ፣ 2 ክሮቼራ፣ የመሃል ኩሽኔታና ከካምቢዮው መውጫ ያለው ጎማ ከሶማሌ ተራ አንድ ላይ መጡ። ሻፍቱን ከመፍታቱ በፊት በምስማር ጫፍ መጋጠሚያው ላይ መስመር ጫረ፤ እንደነበረው ካልገጠመ ይነዝራል። የጎሚኒዎቹን ብሎኖች ደግሞ መኪናዋ ክሪክ ላይ ሳለች አላጠበቀም። አወረዳት፤ ክብደቷ ጎማዋ ላይ ሲያርፍ ከሥሯ ገብቶ አንድ በአንድ አጠበቃቸው። አየር ላይ የጠበቀ ጎሚኒ መኪናዋ ስትወርድ ይጠማዘዛል፣ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል፤ ያኔ አቶ ኳኳታ ከሞት ተነሡ ማለት ነው።

አስከሬናቸው በማዳበሪያ ተከፍኖ፣ የሰፈሩ ሰው በተገኘበት፣ ለቁራሌው በኪሎ ተሸጧል። እሳቸው በሕይወት ሳሉ ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቅ ሁለት ታናናሾች ትተው አልፈዋል፦ የዲፈረንሻሉ ጉምጉምታና የኋላ በር መስታወት።

በአርባ ቀን መታሰቢያቸው ዕለት ብሎኖቹ በድጋሚ ይፈተሻሉ። ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ዳቦና ጠላውን ትቶ 19 ቁጥር ቁልፍ ይዞ እንዲመጣ ቤተሰቡ በአክብሮት ይጠይቃል።