የስሜን ውጣ ውረድ

የስሜን ተራሮችን በእግር ለማየት ታኅሣሥና ጥር ይመረጣል ይሉሃል። እውነት ነው፤ ሰማዩ ይጠራል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ ገደሉ እስከ ቆላው ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። ስለ ሌሊቱ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ሐምሌ ላይ ጭቃውና በረዶው ቢያማርርም ዳመናው እንደ ጋቢ ደረብ ይልልሃል። በበጋ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት፣ ጀምበር ስትጠልቅ ለሰማይ አስረክቦ ባዶውን ያድራል። አንተም አብረኸው።

የግጭ ካምፕ 3,600 ሜትር ግድም ላይ ነው። እዚያ ያደርኩት የያዝኩትን ልብስ ሁሉ ደራርቤ፣ እጄንም ካልሲ አልብሼ ነው። ጠባቂያችን ስካውቱ በኮንጎ ጫማ፣ ጠመንጃውን አቅፎ፣ ጋቢውን ተከናንቦ እሳት ዳር ተቀምጧል። ከድንኳኔ ብቅ ስል አዘነልኝ።

«ምነው የኔ ጌታ፣ ጋቢ እንኳ አልያዙም?»

የለበስኩት ጃኬት የስንት ጋቢ ዋጋ እንደሆነ ልነግረው አስቤ ተውኩት። ሲነጋ የውኃ ኮዳዬን ብወዘውዘው ድምፅ አልሰጥ አለ።

ኑሮ ያወቁት ጭላዳዎቹ ናቸው። ገደሉ ላይ ተጠጋግተው ያድሩና ፀሐይ ሞቅ ስትል ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ከዚያ በቂጣቸው ቁጭ ብለው ሣር መንጨት ነው፤ ያለው ሲያልቅ እንኳ አይነሱም፣ ወደሚቀጥለው ይንፏቀቃሉ። አንድ ባለ ጎፈር፣ ደረተ ቀይ አውራ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ቁርሱ ተመለሰ። እኔም ፀሐይ ወዳለበት ተንፏቀቅሁ።

ከደባርቅ ሳንቃበር፣ ከሳንቃበር ግጭ፣ ከዚያ በእሜት ጎጎ አድርጎ ጨነቅ፤ እስከዚህ ድረስ አልከፋም። ጅብራው ከሰው በላይ ተመዞ ቆሟል (ለዓመታት አድጎ አንዴ አብቦ ይሞታል፤ ለፎቶ እንኳ ሁለተኛ ዕድል የለውም)። ጣጣው ከጨነቅ ወዲያ ነው። የቧሂት ተራራ 4,430 ሜትር ነው። ከ4,200 በላይ ያለውን ማለፊያውን እያለከለክህ ስትሻገር ራስ ደጀን ፊት ለፊት ድቅን ይላል። ደረስኩ ትላለህ። ለካስ መካከል ላይ መሸሃ ወንዝ አለ! እስከ 2,800 ሜትር ግድም ቁልቁል ትወርዳለህ፤ በስንት ላብ ያጠራቀምከውን ከፍታ አራግፈህ እንደገና ከዜሮ ትጀምራለህ። ቁልቁለቱን ስወርድ አንድም ነገር አላደነቅሁም፤ ነገ የምወጣውን ነበር የምቆጥረው።

እኛ ተማሪ ሳለን ራስ ደጀን 4,620 ሜትር ነበር። በኋላ የመጣው ልኬት 4,533 አድርጎታል። 87 ሜትር ቅናሽ መሆኑ ነው፤ ጉልበቴ ግን ቅናሹን አላየውም። አናቱ ላይ ስንደርስ ደግሞ ማዶ ያለው ድንጋያማ ጫፍ ከቆምንበት የሚበልጥ መሰለኝ።

«እውነተኛው ጫፍ ይኼ ነው ወይስ ያኛው?» አልኩት ስካውቱን።

ቆሎውን እየቆረጠመ ማዶውን አየት አደረገ።

«ይኼ ነው። እዚያ የወጡት ግን ‹ይኼኛው ይበልጣል› ይላሉ።»

እግሬ ያለ ክርክር ተስማማ።