የባሌስትራው ቢላ

የአደን ቢላ በወጉ ሲሆን እጀታው የአጋዘን ቀንድ፣ አፎቱ የተሰፋ ቆዳ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ ግን በመደበኛ ቀን የሚታደነው ታክሲ ብቻ ስለሆነ ቢላ አይጠይቅም።

ፋሲካ ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል። የቂርቆስ ገፋፊ ቢላውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከግቢ ግቢ ይዞራል። ይህም ቢላ የእጅ ሥራ ነው፤ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ተቆርጦ፣ በእሳት ግሎ፣ በመዶሻ የተቀጠቀጠ። ብረቱ ካርቦን ስለማያንሰው ስለት ይይዛል። ዕድሜውን ኢሱዙ ተሸክሞ ለኖረ ብረት ጠቦት ምኑ ነው?

ቢላው ይመሰገናል፣ ቀጥቃጩ ይታማል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ አንዳንድ ጆሮ ግን ዛሬም አዋጁን በትዕግሥት እየጠበቀ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ የገፋፊው ደንበኞች በከተማው ዳር ተበተኑ። እሱም ቢላውን ይዞ ሁለት ታክሲ እየቀያየረ ይከተላቸዋል። የቢላ ጭረት የቆዳን ደረጃ ስለሚያወርድ እየተጠነቀቀ ይገፍፋል። ሲጨርስም ያን እንከን የለሽ ቆዳ፣ ዋጋው ወድቆ ገዢ ስለጠፋ፣ በክብር ቆሻሻ ገንዳው ላይ ያሰጣዋል።