የቀይ ቀበሮው ግርማ

በመንዝ ጓሳ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ብርዳም አምባ ላይ፣ አንድ ቀይ ቀበሮ ይኖር ነበር። ወገኖቹ በመላው ዓለም ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም። እሱ ግን የሚያውቀው ረሃቡን ብቻ ነው። ብቻውን አድፍጦ አይጥ ሲያድን አራት ጊዜ ዘሎ አንዴ ቢቀናው ነው።

አንድ ማለዳ የጭላዳ መንጋ ካደረበት ገደል ወጥቶ ሣር ሲነጭ፣ ቀበሮው ቀስ ብሎ መሃላቸው ገባ። ግልገሎቻቸውን ቀና ብሎ አላየም፤ እነሱም አልሸሹትም። አይጦቹ ከጉድጓድ ብቅ ሲሉ የሚያዩት የጭላዳ እጅና እግር ነው። በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ አራት ቀያይ እግሮችን ማን ይለያል? ከሦስት ዝላይ ሁለቱ ይቀናው ጀመር።

ይህን ሁሉ ከጅብራ ተክል ጫፍ ሆኖ የሚያይ ቁራ ነበር። ቁራ ትርፍራፊ ይወዳል፤ ትርፍራፊ የሚጥልለትን ደግሞ እንዴት አገኘኸው አይልም። «አያችሁ ግርማ ሞገሱን! አይጧ እኮ ገና ሲያያት ፈዛ ቀረች!» አለ። ወሬው አምባውን አዳረሰ። ወጣት ጭላዳዎች ስለ ግርማው ሲያወሩ «ኦራ አለው» አሉ፤ ነጥብም ይይዙለት ጀመር። ካነጠሰ ይቀንሱበታል፣ ሳያነጥስ ከዋለ 1,000 ይጨምሩለታል።

ከዚያ ወዲያ ግርማ ለሁሉም ነገር መልስ ሆነ። ቀበሮው ዘሎ ሲስት «ግርማ ያለው አይስገበገብም» ይባላል። የሚለው ጠፍቶት ዝም ሲል «ዝምታው ራሱ ያስፈራል» ይባላል። አንድ ቀን ጥንቸል በሸንጎ ተነሥታ፣ «የጓሳ ሣሩ ለቤት ክዳን ይሆናል፣ ለገመድ ይሆናል፤ ይህ ግርማ የምትሉትስ ለምን ይሆናል?» አለች። ቁራው «መጠየቅሽ ራሱ ግርማ እንደሌለሽ ያሳያል» አላት። ሸንጎው ሳቀ፤ እሷም ተቀመጠች። በእኔ ግምት የዚያን ቀን ነገሩን የቋጨው ሳቁ ነው እንጂ መልሱ አይደለም።

በመጨረሻ ቀበሮው ራሱም አመነ። አንገቱን ቀጥ አድርጎ መራመድ ተለማመደ፤ ፀሐይ ጀርባውን የምታቀላበትን ሰዓት እየመረጠ ብቅ ማለት ያዘ። ቀጥሎም «የእነዚህ ሣር በላዎች ጫጫታ ግርማዬን ያሳንሰዋል» ብሎ ከመንጋው ተለየና ጉብታ ላይ ብቻውን ቆመ። እውነት ለመናገር፣ እንደዚያ አምሮበት አያውቅም። አይጦቹም ከሩቅ አይተውት ጉድጓዳቸው ገቡ።

ቁራው አላፈረም። «ግርማው ምን ያህል ቢበረታ ነው፣ አንዲት አይጥ እንኳ ፊቱ መቆም ያቃታት!» አለ። ሸንጎው አጨበጨበ። ቀበሮው በጭብጨባው መሃል የሆዱን ጩኸት ሰማ።

አንዲት አሮጊት ጭላዳ በአጠገቡ ስታልፍ፣ «አንተ ልጅ፣ ምን ሆንህ? ከስተሃል» አለችው።

«እየተከበርሁ ነው፣ እማማ።»

«ደግ፣ ተከበር። መብላት ስትፈልግ ግን በማለዳ ና» ብላ ሣሯን መንጨት ቀጠለች።

በማግስቱ መጣ። ራሱን ዝቅ አድርጎ መንጋው መሃል ገባ፤ ረፋዱ ላይ አፉ ሞላ። ወጣቶቹ ጭላዳዎች ጮክ ብለው ነጥብ ቀነሱበት፤ እሱ ግን እያኘከ ስለነበር አልሰማቸውም።

ቁራው በዚያ ሰዓት በቦታው አልነበረም። በረሃቡ ቀናት ትርፍራፊ ስለቀረበት፣ ከቆላ የወጣ ሌላ ቀበሮ ዘንድ ሄዶ ነበር። እንግዳው ዙሪያውን ገልመጥ ብሎ፣ «ለመሆኑ እኔስ ግርማ ያለኝ ይመስልሃል?» ሲል ጠየቀው።

«አጥንቱ ላይ ሥጋ ታስቀራለህ?»

«እንዴታ!»

«እንግዲያው ከፍ ያለ ጅብራ አሳየኝ» አለ ቁራው፣ ጉሮሮውን እየጠረገ።