ወንፊቱ የት ገባ?

ከመርሳ እስከ ውርጌሳ ባሉ ቤቶች ወንፊት ሲጠፋ ጎረቤት አይጠረጠርም። መጀመሪያ የሚጣራው ትምህርት ቤት የሳይንስ አውደ ርዕይ መኖር አለመኖሩ ነው። አለ ከተባለ ምርመራው እዚያው ይዘጋል። ወንፊቱ ከትናንት ጀምሮ ወንፊትነቱ ቀርቶ «ዘመናዊ የውሃ ማጣሪያ» ተብሏል፤ አሸዋና ከሰል ተሞልቶበት ጠረጴዛ ላይ ተሰይሟል። የአባወራው ራዲዮ በዜና ሰዓት ዝም ካለም ባትሪ ድንጋዩን አልጋ ስር መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የአምስተኛ ክፍል ልጁ ወስዶ ማራገቢያ እያዞረበት ነው።

በኛ አገር ሌባው የሚጨበጨብለት ስርቆት ይሄ ብቻ ይመስለኛል። እናት ዱላዋን ይዛ እየተቆጣች ትመጣለች፤ «የፈጠራው ባለቤት» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ የልጇን ስም ስታይ ዱላው ምርኩዝ ይሆናል። ጽሑፉን ራሷ ማንበብ ካልቻለች የሚያነብላት አታጣም። ሌባው ራሱ ያነብላታል።

ይህን ሁሉ በቅርብ ያየሁት ሀብሩ ወረዳ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዳኛ ሆኜ ተጠርቼ ነው። የተጠራሁት ሳይንስ ያውቃል ተብሎ አይመስለኝም። ከወልድያ መምጣቴና መነጽር ማድረጌ በቂ ሆኖ ተገኝቷል። አብረውኝ የተሰየሙት አንዲት የጤና ባለሙያና አንድ የግብርና ባለሙያ ናቸው። ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ ከትምህርት ቤት ያለፈ ለጉድኝት ማዕከሉ፣ ከዚያ መርሳ ላይ ለወረዳው፣ ከዚያም ወልድያ ላይ ለዞኑ ይቀርባል። ልጆቹ የማባዣ ሰንጠረዡ ቢጠፋባቸውም ይቺን ቅደም ተከተል አንድም አልሳታትም።

ለምን ከማዕድ ቤት ይወሰዳል ለሚል፣ ከሌላ ከየት ይምጣ? በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ በወልድያና በመርሳ ሲያልፍ እንኳን ማይክሮስኮፕ መቀመጫ ወንበር ያልተረፈው ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን በገጠር አንደኛ ደረጃ ቤተ ሙከራ የሚባለው አንድ የተቆለፈ ቁም ሳጥን ነበር፤ ቁልፉም ወደ ሌላ ወረዳ ከተዛወረው መምህር ኪስ ውስጥ ነው።

አዳራሽ ስላልነበረ ጠረጴዛዎቹ ግቢው ውስጥ ነው የተደረደሩት። ሰዓቱ ወደ ስድስት፣ ፀሐዩም የመርሳ ፀሐይ ነው። መጀመሪያ የደረስንበት ልጅ ሁለት ሲሪንጅ በቀጭን ቱቦ አገናኝቶ ውሃ ሞልቶበታል፤ አንዱን ሲጫን ሌላኛው ይገፋና የካርቶን ክሬን የክብሪት ቀፎ ያነሳል። አሠራሩን ጥርት አድርጎ አስረዳን። ባልደረባዬ የጤና ባለሙያዋ ቱቦውን አየችው፣ ሲሪንጁን አየችው፣ ቀጥላ ልጁን አየችው።

«ጤና ኬላው ግቢ ነው ያገኘሁት፤ ንጹሕ ነው» አለ ማንም ሳይጠይቀው።

ቀጣዩ ከጭቃ ተራራ ሠርቶ፣ አናቱ ላይ ሶዳ ጨምሮ፣ አቼቶ ያፈስበታል። አረፋው እየፈላ ይወርዳል። አሜሪካኖች በ1950 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ላይ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የተማሪዎች የሳይንስ አውደ ርዕይ ካካሄዱ ወዲህ፣ ይህን ተራራ እያየ ያልሰለቸው ወላጅ እዚያ አገር ያለ አይመስለኝም። የኛው ልጅ ግን ሰበብ አለው። ሀብሩ በምሥራቅ ከአፋር ይዋሰናል፤ አፋር ደግሞ እውነተኛውን ይዞ ተቀምጧል። በኅዳር 2018 ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ህንድ ድረስ ሄዷል። የዚህኛው የሄደው እስከኔ ሱሪ ድረስ ነው።

ከዚያ የእንቁላል መፈልፈያው። ካርቶን፣ ውስጡ አምፖል፣ ከጎኑ ቴርሞሜትር፣ የውሃ ጣሳ፣ የእናቱ እንቁላሎች። ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ገደማ መሆን እንዳለበት፣ ጫጩቱ በ21 ቀን እንደሚወጣ፣ እንቁላሉም በየጊዜው መገላበጥ እንዳለበት አስረዳን። እኔም የዳኛነቴን ለማሳየት፣

«መብራት ሲጠፋስ?» አልኩት።

«ዶሮዋን አስታቅፋታለሁ።»

«ስንት ቀን ጠፋ?»

ልጁ መሬት መሬት አየ። «የመጣበትን ቀን ብነግርዎ ይሻላል ጋሼ» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ ጠረጴዛው ስር ባይ ዶሮዋ እግሯን በገመድ ታስራ በተጠባባቂነት ተቀምጣለች። እንደገባኝ ከሆነ አብዛኛውን ሥራ የሠራችው እሷ ናት። ስሟ ግን የትም አልተጻፈም።

የግቢው ሁሉ ዓይን ያረፈው ስታዲየሙ ላይ ነበር። በ2009 የተመረቀውን፣ 25 ሺህ ገደማ ተመልካች የሚይዘውን የወልድያውን የሼህ ሙሐመድ አል አሙዲን ስታዲየም አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ በካርቶን ሠርቶታል። ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ ጣሪያው ነጭ፣ ዙሪያውን መብራት ተተክሎበታል። ልጁ ማብሪያውን ይጫናል፣ ቦግ ይላል፣ ይጨበጨባል። ያጠፋል፣ እንደገና ይጫናል፣ እንደገና ይጨበጨባል።

«መብራቶቹን በተከታታይ ነው ወይስ ጎን ለጎን ያገናኘሃቸው?» አልኩት።

ልጁ ዞር ብሎ ከኋላው የቆመውን ጎልማሳ አየ። ጎልማሳው ከቀበቶው ላይ ፒንሳ አንጠልጥሏል። «ጎን ለጎን በል» አለው፣ ለራሱ የሚናገር መስሎ።

«ጎን ለጎን» አለኝ ልጁ።

አጎት ያለው ልጅ ታድሏል። የዞን ውድድር ድረስ የሚዘልቁትን ሥራዎች ለተመለከተ፣ በአካባቢያችን ምን ያህል ትጉህ አጎቶች እንዳሉ ይገባዋል።

አጎት የሌላት ልጅ ከጥግ ነበረች። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ፊቷ አራት ሎሚ ደርድራለች፤ እያንዳንዱ ላይ አንድ የቆርቆሮ ሚስማርና አንድ ቁራጭ የመዳብ ሽቦ ተሰክቷል። ያንዱ ሚስማር ከሌላው ሽቦ ጋር ተያይዞ ተያይዞ መጨረሻው ላይ ከላይተር ቂጥ የተነቀለች ትንሽ አምፖል አለች። አምፖሏን አየናት። አምፖሏም አየችን።

«አይበራም» አለ የግብርናው ባለሙያ፤ እስክሪብቶውም ወደ ወረቀቱ ሄደ።

«ይበራል። ፀሐይዋ በልጣው ነው» አለች ልጅቷ፤ ይህን ብላ ከቦርሳዋ ጥለት ያለው ነጭ ነጠላ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ እንደ ድንኳን ዘረጋችው። «ይግቡ።»

ርዕሰ መምህሩ ቀድመው ገቡ። ቀጥላ የጤና ባለሙያዋ፣ ከዚያ ያ እስክሪብቶ ያነሳው ሰውዬ፣ በመጨረሻ እኔ፤ ከወገብ በላይ ነጠላ ውስጥ፣ ከወገብ በታች አቼቶ በነካው ሱሪ ግቢው ላይ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ቆየሁ። በርታለች! ደካማ ናት፣ ሰማያዊ ነገር አላት፣ ግን በርታለች። ልጅቷ ጎኔ ገብታ ተንበርክካ በሹክሹክታ ማስረዳት ጀመረች። በአንድ ሎሚ ሞከረች፣ አልሆነም። በሁለትም አልሆነም። ራዲዮ ጠጋኙ ሲለካላት አንዱ ሎሚ አንድ ቮልት እንኳ አልሞላም፤ አምፖሏ ደግሞ ወደ ሦስት ትፈልጋለች። የእጅ ባትሪውን አምፖል ሞክራው ነበር፤ እሱ ብዙ ስለሚጠጣ አራቱም ሎሚ አይችሉትም።

«ስለዚህ ኃይሉ ከሎሚው ነው የሚመጣው ማለት ነው?» አልኳት። ወጥመድ ነበር።

«ከሚስማሩ ነው። ሚስማሩ ላይ የተለበጠው ዚንክ ነው እየተበላ የሚያልቀው። ሎሚው ማስተላለፊያ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«ሚስማሩን አውጥቼ በሁለቱም በኩል መዳብ ሰካሁበት። ጠፋ።»

ይህን መልስ እያጣጣምኩ ሳለ ከውጭ የሴት ድምፅ ሰማሁ። «አንች! ነጠላየ! ለቅሶ ልሄድ ስፈልገው ያረፈድሁትን ነጠላ!»

«እናታችን፣ እባክዎ ትንሽ ይታገሡን» አሉ ርዕሰ መምህሩ ጎንበስ ብለው፣ «ገና ዳኛ አለበት።»

ከባለ ሎሚዋ ልጅ አጠገብ የቆመው ልጅ ማሽላ በዘይት ጣሳ አብቅሎ አምጥቷል። አንዱ ጣሳ ከደህና ማሳ የተዘገነ አፈር ነው፤ ሁለተኛው አቀንጭራ ካስቸገረው ከአያቱ ማሳ። የሁለተኛው ማሽላ ቀጭጮ ቢጫ ሆኗል፤ አቀንጭራው ግን ከአፈር ገና ብቅ አላለም። ሦስተኛ ጣሳም አለው፤ ያው የአያቱ አፈር፣ ማሽላ ያልተዘራበት። ባዶ ነው። «ታዲያ እዚህኛው ውስጥ ዘሩ የለም» አለው የግብርናው ባለሙያ። «አለ እንጂ። ማሽላ ሲመጣበት ነው የሚነቃው» ብሎ መለሰለት። ባለሙያው መነጽሬን ተውሶ ጣሳውን አየ።

ልጁ የተናገረው የአቀንጭራ ዘር ከማሽላ ሥር የሚወጣውን ንጥረ ነገር ካላሸተተ አይበቅልም የሚለውን ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጀታ አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች በማውጣት በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት በዚሁ መስመር ሄደው ነው። ለኛ ገበሬ የተለቀቁት ጎብዬና አብሽር የሚባሉት ዝርያዎችም የዚያ ሥራ ፍሬዎች ናቸው። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ሩቅ አይደለም፤ ልጁ ከመርሳ ወደ ወልድያ መኪና ቢሳፈር በበሩ ያልፋል። ገቢሳ ወሎንኮሚ ላይ ሲያድጉ እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግር ሄደው፣ ሳምንቱን ተምረው፣ ዓርብ ያንኑ ያህል ይመለሱ ነበር። ጎረቤት ከተማ ትምህርት ቤት ያስገቧቸው እናታቸው ናቸው። የስንቁ ዕቃ የማን እንደነበር መገመት አያቅትም።

ውጤት። አንደኛ ስታዲየሙ ወጣ። እኔ ለሎሚዋ ብሰጥም ሁለት ለአንድ ተረታሁ። የግብርናው ባለሙያ ክርክር ጠንካራ ነበር፤ «ወረዳ ላይ ማታ ነው እንዴ የሚወዳደሩት?» አለ። ክሬኑ ሁለተኛ፣ ሎሚዋ ሦስተኛ ሆኑ። ባለ አቀንጭራው ከደረጃ ውጭ ቀረ፤ የዳኝነት ቅጹ ላይ «ማራኪነት» የሚል ነጥብ አለ፣ ቢጫ ማሽላ ደግሞ ማንንም አይማርክም። ተሸላሚዎቹ ደብተርና እስክሪብቶ ወሰዱ። አጎትየው ፎቶ ተነሳ። ነጠላዋ አንድ ጫፏ ሎሚ ጠጥታ ወደ ለቅሶው ሄደች።

የትምህርት ቤቶቻችን የሳይንስ ክበብ ተጠሪዎች፣ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ከቅጹ ላይ «ማራኪነት»ን ሰርዙና በቦታው «በምን አወቅክ?» የሚል ጥያቄ አስገቡ፤ መልሱ «አጎቴ ነገረኝ» ከሆነ ነጥቡ ለአጎቱ ይያዝ። የምስክር ወረቀቱ ላይም ከርዕሰ መምህሩ ፊርማ በላይ «ዕቃውን ሳያውቁ ያዋሱ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ፤ ለዶሮዋም ትንሽ ቦታ ተውላት። ዳኛ ሆናችሁ የምትጠሩ ደግሞ ነጠላ ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።